ያልተደረገለት ነገር የለም

አንድ ነጋዴ ከሞት ይልቅ ለቅሶ ቤትን ይፈራ ነበር። ስሙ ይርሳው ነው። በአንዲት የቆላ ከተማ ሰሊጥና ጨው ይነግዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም የታመመ ጠያቂ፣ የሞተ ቀባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነፍሱን ሰንጎ ይዟታል፤ እሱም "ሰው ምን ይለኛል?" የሚለው ሐሳብ ነው። ሱቁን ሲከፍትም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምም፣ ልጁን ሲቆጣም ይህን ሐሳብ አይለቅም። ይሉኝታ መልካም ነገር ነው፤ ይሉኝታ ከሌለው ሰው ይሰውረን። ልክ ሲያልፍ ግን ሰውን እንደ በቅሎ ለጉሞ ወዳልፈለገበት ይወስደዋል።

በዚያች ከተማ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ብሎ ከተቀመጠ በኋላ የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ። "ለመሆኑ የት የት ወስዳችኋቸው ነበር?" ይላል። ያን ጊዜ የሟች ልጅ የሄደበትን ሐኪም ቤት፣ የተወጋውን መርፌ፣ የተነሣውን ራጅ አንድ በአንድ ይተርካል። ትረካው ከረዘመ ለቀስተኛው ራሱን እየነቀነቀ "አይ፣ ምን ያላደረጋችሁት አለ? ቀናቸው ደርሶ ነው እንጂ" ይላል። ካጠረ ግን ዝም ይላል። ዝም ያለውን ሁሉ ከድንኳኑ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ይናገረዋል።

ይርሳው ይህን ዝምታ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ብዙ ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ ያውቃልና። የጎረቤቱ የባለ ወፍጮው አባት ቤታቸው ተኝተው፣ ልጆቻቸውን መርቀው፣ በሰላም ያረፉ ጊዜ ይርሳው ለቅሶ ሄዶ "ኧረ ለመሆኑ መርፌ እንኳ አስወጋሃቸው?" ብሎ ጠየቀ። ባለ ወፍጮው "እሳቸው አልፈልግም አሉ" ቢለው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገ። ሲወጡም "ሽማግሌ አልፈልግም ስላለ ይተዋል እንዴ? ወፍጮው እንዳይቆምበት ነው እንጂ!" አለ። አብረውት የሚሄዱት ሳቁ። ሰው ያማ ሰው ግን የራሱ ተራ እስኪደርስ ድረስ ዕረፍት የለውም።

ተራው ደረሰ። አባቱ አቶ ጓንጉል ታመሙ። አቶ ጓንጉል በወጣትነታቸው በረሃ ወርደው፣ በሬ ጠምደው፣ ከጥቁር አፈር ሰሊጥ ያወጡ ብርቱ ገበሬ ነበሩ። ብርቱ ብቻ ሳይሆኑ ቁጡም ነበሩ። ሴት ልጃቸው አንጓች እሳቸው ቃል ለገቡለት ሰው አልዳርም ብላ ከአንድ ሸማኔ ጋር ወንዝ ተሻግራ የሄደች ቀን፣ ደጃቸው ላይ ቆመው "የወለድሽው አይደግልሽ!" ብለው ረገሟት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወዲያው ቆጫቸው፤ ኩራታቸው ግን አፋቸውን ዘጋው። አንጓችም ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም በጨቅላነታቸው ሞቱባት። ወባ ይሁን ርግማን ማን ያውቃል? እሷ ግን ርግማኑ ነው ብላ አመነች። ሽማግሌውም ወሬውን ሲሰሙ እንደ እሷው አመኑና አንገታቸውን ደፍተው ከረሙ። ይህ ሕመም የያዛቸው፣ አንጓች ሦስተኛ ልጇን ወልዳ ባቀፈች ሰሞን ነው።

ይርሳው አባቱን ወደ ከተማዋ ሐኪም ቤት ይዟቸው ሄደ። ይህስ የሚያስመሰግነው ነው። ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ደረታቸውን አዳመጠ፤ ራጅ አስነሣ፤ ናሙና ወስዶ አስመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ አባትንና ልጅን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠና ወንበሩን ወደ ሽማግሌው አስጠጋ።

"አባቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ሳንባዎ ላይ ዕጢ በቅሏል። ወደ ጉበትዎም ዘልቋል። አሁን ቢቀደድም፣ ጠንካራ መድኃኒት ቢሰጥም አይመልሰውም፤ እርስዎን ያደክምዎታል እንጂ።"

"እስከ መቼ አለሁ?" አሉ አቶ ጓንጉል።

"እሱን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። ጊዜው ግን ሩቅ አይመስለኝም። ሕመሙን የሚያስታግስ፣ ትንፋሽዎን የሚያቀልልዎ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። እቤትዎ ይሁኑ። ያሰኘዎትን ይብሉ። ሊያዩት የሚፈልጉት ሰው ካለ አሁኑኑ ያስጠሩ። እኔም እየመጣሁ አይዎታለሁ።"

ሽማግሌው የሐኪሙን እጅ ያዙ። ከዚያ "ተባረክ፣ እውነቱን ነገርከኝ" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማህ ይርሳው? አንጓችን ጥራልኝ። በአፌ ያወጣሁትን በአፌ ልመልሰው። ልጇን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ጭኜ፣ እንትፍ እንትፍ ብዬ ልመርቀው። ከዚያ ወዲያ ሞት እንደፈለገው ይምጣ።"

ይርሳው እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጆሮው ውስጥ የቀረው ግን "አይመልሰውም" የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። ገና ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳይወጣ ድንኳኑ ታየው። የት የት ወሰድካቸው? ይሉታል። አንድ ቦታ። እና ምን አደረጉላቸው? ማስታገሻ ሰጡን። ይህን መልስ በሐሳቡ ሲሰጥ ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

እቤት ሲደርሱ ጠያቂ ጎረፈ። የዚያች ከተማ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብርቱካን ያልያዘ ምክር ይይዛል። አንዷ "ግሉኮስ እንኳ ሳይሰቅል የሚሰድ፣ ይሄ ደግሞ ምኑን ሐኪም ሆነ!" አለች። ሌላው "የኔ አጎት ትልቁ ከተማ ሄዶ አይደል እንዴ የዳነው?" አለ፤ የአጎቱ በሽታ ኪንታሮት እንደነበረ ግን አልተናገረም። ይርሳው እያንዳንዱን ምክር እንደ ክስ ሰማው። ጠያቂው ሲበተን ወደ አባቱ አልጋ ቀረበ።

"አባዬ፣ ነገ እንሄዳለን። የተሻለ ሐኪም አለ።"

"አንጓችስ?"

"መጀመሪያ እርስዎ ይዳኑ። ከዚያ በድግስ እንጠራታለን።"

"ሐኪሙ እኮ ተናገረ፣ ልጄ።"

"እሱ ምን ያውቃል! መርፌ እንኳ አልወጋም።"

ሽማግሌው ደክሟቸው ነበርና አልተከራከሩም። ልጄ ስለሚወደኝ ነው አሉ። መውደዱስ ይወዳቸዋል፣ ያ ሐሰት አይደለም። ፍርሃቱ ግን ከፍቅሩ ፊት ፊት ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው ሐኪም ቤት ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሠራተኞቹ የሚፈጥኑ ነበር። እንደ ገና ደም ቀዱ፤ እንደ ገና ራጅ አነሡ፤ የሸበተው ሐኪም ያየውን ዕጢ በአዲስ ማሽን አይተው ያንኑ ስም ሰጡት። ግሉኮስ ተሰቀለ። የሽማግሌው ደም ሥር እየጠፋ፣ መርፌው ቦታ እየቀያየረ ክንዳቸው ጠቆረ። ያበጠው እግራቸው በፈሳሹ ይብሱን አበጠ። ይርሳው ግን ጠብታው ጠብ ጠብ ሲል እያየ ልቡ ይረጋ ነበር፤ አንድ ነገር እየተደረገ ነዋ። ስልክ ለደወለ ሁሉ "ግሉኮስ ተሰቅሎላቸዋል" ይላል፤ የደወለው ሁሉ "ጎሽ፣ ወንድ ልጅ!" ይለዋል።

በዚህ መካከል አንጓች የአባቷን መታመም ሰምታ እቤት መጥታ ነበር። በሩን ተዘግቶ አገኘችው። ከጎረቤት ስልክ ቁጥር ለምና ወንድሟ ጋ ደወለች።

"ጋሼ፣ ልምጣ?"

"አሁን አይሆንም። ሐኪሞቹ ድንጋጤ አይስማማቸውም ብለዋል። ሲሻላቸው እጠራሻለሁ።"

"አንድ ነገር ቢሆኑስ?"

"ክፉ አታሟርቺ! የሚታከሙት ሊድኑ ነው።"

ሐኪሞቹ ስለ ድንጋጤ ያሉት ነገር አልነበረም። ይርሳው ሲናገረው ግን እውነት መሰለው፤ ሰው ለራሱ የሚነግረውን ውሸት ማመን አይቸግረውም። አባቱ በነጋ ቁጥር "አንጓች መጣች?" ይላሉ። እሱም "መንገድ ላይ ናት" ይላቸዋል። ሽማግሌው ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ይውላሉ።

ለውጥ ሲጠፋ ይርሳው አባቱን ወደ ዋናው ከተማ ወሰዳቸው። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባላል፤ እዚህ ግን ውሃ የወሰደው አባትየውን ነው፣ አረፋ የሚጨብጠው ልጁ። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ደረታቸውን ይይዛሉ። የሸበተው ሐኪም የሰጣቸው ማስታገሻ አልቆ ነበር፤ ይርሳውም ተራ መድኃኒት ነው ብሎ አልተካውም።

በዚያ ባለው ትልቅ ሐኪም ቤት አንዱ ሐኪም ሳንባቸውን፣ ሌላው ልባቸውን፣ ሌላው ኩላሊታቸውን መረመረ። ሁሉም በየሙያው ጎበዝ ነበር። "አባቴ፣ ምን ይፈልጋሉ?" ያለ ግን አልተገኘም። አንድ ቀን ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ አለ። ወጣቱ ተረኛ ሐኪም ይርሳውን ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

"ትንፋሻቸው እየከዳቸው ነው። የመተንፈሻ ማሽን ላይ ልናስገባቸው እንችላለን። ግን..." አለና ቃል ፈለገ።

"ግን ምን?"

"በሽታው ያው ነው። ማሽኑ አያድናቸውም። አንዴ ከገቡ የሚወጡም አይመስለኝም። ቱቦው በጉሮሯቸው ስለሚገባ መናገር አይችሉም።"

"የሚደረግ ነገር ሁሉ ይደረግ" አለ ይርሳው።

ወጣቱ ሐኪም እዚያው ተቀምጦ ሊያስረዳው ይገባ ነበር። ግን የሚጠብቁት በሽተኞች ብዙ ናቸው፤ ደግሞም ተስፋ የለም ብሎ የሰው ዓይን እያዩ ከመናገር ቱቦ ማስገባት ይቀላል። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠፋው ይርሳው ብቻ አይደለም።

አልጋው ሲገፋ አቶ ጓንጉል የልጃቸውን እጅጌ ጨምድደው ያዙ። "አንጓች..." አሉ። "እየመጣች ነው አባዬ" አላቸው። በሩ ተዘጋ። በዚህ ዓለም የተናገሩት የመጨረሻ ቃል የሴት ልጃቸው ስም ሆነ።

ቱቦው ከገባ በኋላ ሽማግሌው በነቁ ቁጥር እጃቸውን ወደ አፋቸው እየሰደዱ ሊነቅሉት ታገሉ። ነርሷ ይርሳውን ጠርታ "ቱቦውን እየነቀሉ አስቸገሩን። እጃቸውን በጨርቅ ማሰር ሊኖርብን ነው፤ ይፈቅዳሉ?" አለችው። "ከሚጎዱ እሰሯቸው" አለ። በሬ ጠምደው የኖሩት እጆች ከአልጋው ብረት ጋር ታሰሩ። ይርሳው አባቴ አእምሯቸውን ስተው ነው አለ። ሽማግሌው ግን አእምሯቸውን አልሳቱም ነበር፤ አፋቸውን ነበር የፈለጉት።

አንጓች መጠራቷን ስትጠብቅ ሰንብታ ሳትጠራ መጣች። ልጇን አዝላ፣ ባሏ የሸመነላትን ነጠላ ተከናንባ፣ እየጠየቀች ደረሰች። ይርሳው ሲያያት ሊመልሳት ልቡ አልቻለም። ጠባቂው ሕፃን አይገባም ስላላት ልጁን ደጅ ለተቀመጠች አንዲት ሴት አስታቀፈችውና ከወንድሟ ጋር ገባች።

አቶ ጓንጉል ዓይናቸውን ገለጡ። አወቋት። ከንፈራቸው በቱቦው ዙሪያ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም። ቀኝ እጃቸውን ሊያነሡ ታገሉ፤ ጨርቁ ያዛቸው። ጣቶቻቸው ብቻ ከአንሶላው ትንሽ ከፍ አሉ። ዕንባቸው በጆሯቸው ግርጌ ወርዶ ትራሱን አራሰው።

"አባባ፣ አንዲት ቃል" አለች አንጓች፣ አልጋው ሥር ተንበርክካ። "ይደግልሽ ይበሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይደግልሽ ብቻ።"

ይርሳው ወደ ነርሷ ዞሮ "እባክሽ እጃቸውን ፍቺላቸው" አላት።

"ከፈታኋቸው ቱቦውን ይነቅሉታል" አለች ነርሷ። "ቱቦው ከወጣ ደግሞ ብዙ አይቆዩም። ምናልባት ጥቂት ቃል ይናገሩ ይሆናል፤ ምናልባትም አቅም ያጡ ይሆናል። እናንተ ከወሰናችሁ ግን ሐኪሙን ልጥራው፤ ሳይጨነቁ እንዲወጣላቸው ያደርጋል።"

"ጋሼ፣ እባክህ" አለች አንጓች። "በእናታችን አፅም።"

ይርሳው አባቱን አየ፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም፤ እየለመኑት ነበር። እህቱን አየ። እሺ ሊል አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ግን ድንኳኑ ታየው። ረድፍ ረድፉን የተቀመጠው ሰው፣ በክርን የሚጎሻሸመው ሰው፣ "የገዛ አባቱን ትንፋሽ ያስነቀለ" የሚለው ሰው ሁሉ ታየው።

"ይቆይ" አለ። "ነገ ይሻላቸው ይሆናል።"

የመጠየቂያው ሰዓት አበቃና አንጓችን አስወጧት። አቶ ጓንጉል በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ እጃቸው እንደታሰረ አረፉ።

ለቅሶው የደመቀ ነበር። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው ደጅ ድረስ ተቀመጠ። ያ የታወቀ ጥያቄ መጣ፤ ይርሳውም ተረከ። የመጀመሪያውን ሐኪም ቤት፣ የሁለተኛውን፣ የትልቁን ከተማ፤ ግሉኮሱን፣ ማሽኑን፣ ስማቸው የሚከብድ ሐኪሞችን ሁሉ አወራ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። "ኧረ ተው ይርሳው፣ እሳቸውስ ያልተደረገላቸው ነገር የለም! እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን!" አሉት። ይህን ለመስማት ነበር ያን ሁሉ መንገድ የሄደው። ሰማው፤ ግን አፉ ውስጥ ሬት ሬት አለው።

አንጓች ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አንድ ሽማግሌ ለቀስተኛ ዞር ብለው "አንቺም ወንድምሽን አመስግኚ ልጄ፤ ያልወሰዳቸው ቦታ የለም" አሏት።

"እውነትዎን ነው አባቴ፣ ያልወሰዳቸው ቦታ የለም" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። "እኔ ጋ ብቻ ነው ያላመጣቸው።"

አንጓች ሠልስት ሲወጣ ልጇን አዝላ ወንዙን ተሻገረች። ዛሬም ሕፃኑ ባሳለ፣ ገላው በሞቀ ቁጥር ልቧ ይሸበራል። ትኩሳቱን ሐኪም ያወርደዋል፤ እሷ የምትፈራውን ግን የሚያወርድላት ሐኪም የለም። የሚያወርዱላት አንድ ሰው ነበሩ፤ የእሳቸውን አፍ ደግሞ ሰው ምን ይለናል ስንል እኛው በቱቦ ዘጋነው፣ እጃቸውንም በጨርቅ አሰርነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው በሽተኛውን ከሐኪም አይከልክል። የሚድን ይታከም፤ የሚያመው ማስታገሻ ይሰጠው፤ ያልታወቀው ይመርመር። ይርሳው አባቱን መጀመሪያ ሐኪም ቤት መውሰዱ ደግ ሥራ ነበር፤ ጥፋቱ እዚያ የሰማውን እውነት ይዞ አለመመለሱ ነው። መርፌ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ ማሽን ሁሉ ዕድሜ አይቀጥልም። አንዳንዱ ሕክምና ለበሽተኛው ምንም ሳይጨምርለት፣ የቀረችውን ጥቂት ቀን፣ የቀረችውን ጥቂት ቃል ይቀማዋል። እኛ ደግሞ አላሳከመም እንዳንባል ስንል የምናደርገውን ሁሉ ፍቅር እንለዋለን። ይርሳው ያሳከመው አባቱን አልነበረም፤ ለቀስተኛውን ነበር። ለቀስተኛው ደግሞ ድንኳኑ ሲፈርስ ወደየቤቱ ሄደ።

እናንተስ? የምትወዱት ሰው አልጋ አጠገብ ቆማችሁ "የሚደረግ ነገር ሁሉ ይደረግ" ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ የሚደረገው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እሱንስ፣ ገና መናገር ሲችል፣ ምን እንደሚፈልግ ጠይቃችሁታል?